ዳኛ ልሁን ወይ ላልከው ወንድሜ

ጥያቄህን አሁን ነው ያየሁት። "29 ዓመቴ ነው፣ በተጫዋችነት አልሆነልኝም፣ የታዳጊና የአማተር ጨዋታ ማጫወት ብጀምር አልዘገየሁም? ስድቡንስ እንዴት ትችሉታላችሁ?" ነው ያልከው። አልዘገየህም። እኔ የጀመርኩት በ31 ዓመቴ ነው፣ ይኸው ስምንት ዓመት ሞላኝ።

ስለ ስልጠናው ብዙ አልልህም። የአካባቢህን ፌዴሬሽን ወይም የዳኞች ማህበር ጠይቅ፣ የጀማሪዎች ኮርስ መቼ እንደሆነ ይነግሩሃል። ሕጎቹ 17 ናቸው። 11ኛውን፣ ማለትም ኦፍሳይድን፣ እና ስለ ጥፋት የሚናገረውን 12ኛውን ደጋግመህ አንብብ። ዕድሜ ልኬን ኳስ አይቻለሁ ብለህ ግን እንዳትዘናጋ። እኔ ከእጅ ውርወራ ኦፍሳይድ እንደሌለ አውቅ ነበር፣ ከመልስ ምት እንደሌለ ግን ገና ኮርስ ላይ ስሰማ ደንግጫለሁ። ደግሞ በታች ባሉ ውድድሮች የጨዋታው ሰዓትም፣ የሜዳው ስፋትም፣ ተቀይሮ የወጣ ተመልሶ መግባት መቻሉም ሊለያይ ስለሚችል የውድድሩን ደንብ ሳታይ ሜዳ አትግባ።

ማንም ያልነገረኝ ነገር ግን ፊሽካ ማዘግየትን ነው። የመጀመሪያ ጨዋታዬ የታዳጊዎች ነበር። 0 ለ 0 ነው፣ 9 ቁጥሩ ተከላካዩን አልፎ ሊወጣ ሲል ከኋላ ጠለፉት፣ ተንገዳገደ እንጂ አልወደቀም። እኔ ፊሽካውን አፌ ውስጥ ወትፌ ስለነበር ገና እግሩ ሲነካ ነፋሁት። ልጁ በዚያው እርምጃ መታት፣ ኳሷ መረብ ላይ አረፈች። እጁን ዘርግቶ እየሮጠ ዞር ሲል እኔ የቅጣት ምት ቦታ እያሳየሁ ነው። ፊቱ እስከዛሬ አይረሳኝም። ፊሽካ ከተነፋ ጨዋታው ቆሟል፣ ጎሉን ልሰጠው አልችልም። ቅጣት ምቱም የተጫዋቾቹን ግድግዳ ገጭቶ ተመለሰ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊሽካዬን በእጄ ነው የምይዘው። ወደ አፍህ እስክታደርሰው ባለችው ቅጽበት ታስባለህ። አድቫንቴጅ ሰጥተህ፣ ማለትም ጥፋቱን እያየህ ለተበደለው ቡድን ይጠቅማል ብለህ ጨዋታውን አስቀጥለህ፣ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ጥቅሙ ካልመጣ ተመልሰህ ጥፋቱን መንፋት ትችላለህ፣ ስለዚህ ምንም አያስቸኩልህም።

አቋቋምህንም አደራ። ጀማሪ ኳሷን ተከትሎ ይሮጣል፣ ከዚያ የሚያየው የተጫዋች ጀርባ ብቻ ነው። ትንሽ ወደ ጎን ውጣና በሁለቱ ተጫዋቾች መካከል ያለውን ክፍተት ፈልግ። ብዙ ጊዜ የተመደበ ረዳት ዳኛ አይኖርህም፣ ባንዲራ የሚይዙልህ የየቡድኑ ሰዎች ናቸው። እኔ ኳስ መውጣቷን ብቻ አሳዩኝ፣ ኦፍሳይዱን ለኔ ተዉት እላቸዋለሁ። ሁሉንም ትክክል ታያለህ ማለት አይደለም፣ ግን ቢያንስ የራስህ ስህተት ይሆናል።

ስድቡ አለ፣ አልዋሽህም። ከተጫዋቾች ይልቅ የሚብሱት ወላጆች ናቸው፣ ያውም የ10 ዓመት ልጆች ጨዋታ ላይ! ከመስመር ውጪ ለሚጮህ ተመልካች መልስ አትስጥ፣ አንዴ ከመለስክ ከሱ ጋር ስታወራ ነው የምትውለው። አሰልጣኝ ሌላ ነው፤ መጀመሪያ ቀረብ ብለህ በረጋ ድምፅ ንገረው፣ ካልሰማ ካርድ አለህ፤ ከ2019 ወዲህ ለነሱም ቢጫና ቀይ ይመዘዛል። ተጫዋቾቹ ከከበቡህ አምበሉን ብቻ አስቀርና ሌሎቹን መልሳቸው።

ተሳስተህ ከሆነና ጨዋታው ገና ካልቀጠለ ውሳኔህን ቀይር፣ ሕጉ ይፈቅድልሃል። ከቀጠለ አለቀ። በሚቀጥለው አካክሳለሁ ብለህ ግን ሌላ ፍጹም ቅጣት ምት እንዳትፈጥር፣ ወዲያው ነው የሚነቁብህ። እኔም አንዴ ሞክሬው የተሰደብኩት በሁለቱም ቡድን ነው።

ለጊዜው ሁለት ፊሽካ፣ ሁለት ሰዓት፣ ሁለት እርሳስ ያዝ። እስክሪብቶ ዝናብ ላይ ይከዳሃል፣ የመጀመሪያውን ቢጫ ለማን እንደሰጠህ ካልጻፍክ ደግሞ ሁለተኛውን ስትመዝ ጉድህ ይፈላል።