«ክሮስኮድ» ላይ ተቀርቅሬያለሁ፤ ልተወው?

ጥያቄ

«ጤና ይስጥልኝ። ክሮስኮድ የሚባለውን ጌም የጀመርኩት የአክስቴ ልጅ ‹እንደዚህ ያለ ጌም የለም› እያለ ሲወተውተኝ ነው። መጀመሪያ ላይ በጣም ወድጄው ነበር። አሁን 20 ሰዓት ገደማ ከተጫወትኩ በኋላ ፋጅሮ የሚባለው ቤተ መቅደስ ውስጥ ቀርቻለሁ። እንቆቅልሹ አያልቅም። አንዱን በር ስከፍት ሌላ በር ይጠብቀኛል። ሌሎች ተጫዋቾች የጻፉትን ሳነብ ደግሞ ጭራሽ ግራ ገባኝ። ግማሹ ‹ድንቅ ሥራ ነው› ይላል። ግማሹ ‹ረዘመብኝ፣ ሰለቸኝ፣ ተውኩት› ይላል። ክብደቱን ልቀንስ ስል የአክስቴ ልጅ ‹ከቀነስክማ ጨረስኩ እንዳትል› አለኝ። ማንን ልስማ?» ደ.፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

ወንድሜ ደ.፣ አትተወው። ዛሬ ግን ዝጋውና ተኛ።

እኔም እዚያው ቤተ መቅደስ ውስጥ ተቀርቅሬ ነበር። የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። ያኔ መጋዘን ውስጥ የሌሊት ፈረቃ እሠራ ነበር። ጌሙን የምከፍተው ከሥራ ስመለስ ጠዋት ላይ፣ ዓይኔ እየተከደነ ነው። ፋጅሮ ውስጥ የሙቀትና የቅዝቃዜ ኃይልህን ቶሎ ቶሎ እየቀያየርክ፣ የምትወረውረውን ኳስ በልኩ ሰዓት ለቀህ፣ ግድግዳ ላይ አንጥረህ ማብሪያውን መምታት አለብህ። አንዲት ክፍል ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ታገልኩ። አልሆነም። በንዴት ላፕቶፑን ዘግቼ ተኛሁ። በነጋታው እረፍት ነበረኝ። ቡናዬን ይዤ ተቀመጥኩና ያችኑ ክፍል በሁለተኛው ሙከራ አለፍኳት። ክፍሏ ያው ናት። የተለወጠው የእኔ ጭንቅላት ነው።

የተጫዋቾቹ አስተያየት ለሁለት የተከፈለው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ይህ ጌም በአንድ ትንፋሽ ሲጠጡት ያንቃል። ዋናውን ታሪክ ብቻ ብትከተል እንኳ ከ30 ሰዓት በላይ ይወስዳል። የጎን ሥራዎቹን ካከልክ 50 ሰዓትም ያልፋል። መልኩ የድሮዎቹን የሱፐር ኒንቴንዶ ጌሞች ይመስላል። ፒክስሉ፣ ከላይ ወደ ታች የሚታየው ካርታ፣ ሙዚቃው ሁሉ ልጅነትን ያስታውሳል። ስለዚህ ሰው ሲከፍተው እንደ ድሮው ቶሎ የሚያልፈው ዳንጀን (እንደ ፋጅሮ ያለ በእንቆቅልሽና በጠላት የተሞላ ቦታ) ይጠብቃል። ፋጅሮ ግን ለእኔ ከአራት ሰዓት በላይ ፈጅቶብኛል። ቅዳሜና እሑድን ሰጥቶ ሊጨርሰው የተነሳ ሰው ቢማረር አልፈርድበትም። በየቀኑ ሁለት ሦስት ክፍል ብቻ የተጫወተው ሰው ግን ስለዚያው ቤተ መቅደስ በፍቅር ይጽፋል።

የሚያማርሩት ሁሉ ተሳስተዋል ማለቴ ግን አይደለም። ሁለት ነገር ላይ ልክ ናቸው።

አንደኛው ከፍታ ነው። ከላይ ስለምታይ የትኛው ድንጋይ ከየትኛው እንደሚበልጥ ለማወቅ ዓይን ይቸገራል። ዕቃ ያለበት ሳጥን እዚያው አጠገብህ ይታይሃል፤ ወደ እሱ የሚያስወጣው መንገድ ግን ሦስት ካርታ ወደ ኋላ የሆነች ጥግ ላይ ነች። ከዚያ ጀምረህ ከገደል ገደል እየዘለልክ መምጣት አለብህ። አንዴ ከወደቅክ እንደገና ትጀምራለህ። እኔ ይህን ፍለጋ እወደዋለሁ። ጓደኛዬ ደግሞ በዚሁ የተነሳ ሊያብድ ደረሰ። ጥላውን ማየት ልመድ፤ የምትጫወትባት የሊያ ጥላ የት እንዳረፈ ካየህ ብዙ ይቀልልሃል።

ሁለተኛው ወደፊት የሚጠብቅህ ነው። ታሪኩን ላላበላሽብህ፤ ጋያ ጋርደን የሚባለው ጫካ ስትደርስ ግን ሁለት ትልልቅ ቤተ መቅደሶች ተከታትለው ይመጣሉ። የትኛውን እንደምታስቀድም ምርጫው ያንተ ነው። ሁለቱም ለየብቻ ሲታዩ ግሩም ናቸው። አንዱን ጨርሰህ ላብህ ሳይደርቅ ሁለተኛው ሲመጣ ግን ይከብዳል። እንደኔ የጌሙ ደካማ ቦታ ይህ ነው። እኔ በመሀል ሁለት ሳምንት አቁሜ ነበር። አንተም እንደዚያ አድርግ።

አሁን ወደ አክስትህ ልጅ እንምጣ። ክብደቱን መቀነስ አያሳፍርም። ማስተካከያው ውስጥ ሦስት ነገር አለ። የሚደርስብህ ጉዳት፣ ጠላት የሚያጠቃበት ድግግሞሽ፣ የእንቆቅልሹ ፍጥነት። እያንዳንዱን ለብቻው፣ በፈለግክ ሰዓት ዝቅና ከፍ ማድረግ ትችላለህ። ታሪኩ አይቀየርም። እኔ ውጊያውን አልነካሁትም፤ ስለምወደው። ጠላቶችን ሳታርፍ በተከታታይ ባሸነፍክ ቁጥር የውጊያ ደረጃህ ከፍ ይላል፤ የምታገኘው ዕቃም ይሻላል። ‹አንድ ብቻ ልጨምር› እያልኩ አምሽቼበታለሁ። የእንቆቅልሹን ፍጥነት ግን ትንሽ ቀነስኩት። እንቆቅልሹ ያው እንቆቅልሽ ነው። መልሱን አሁንም ራስህ ታስባለህ። የሚቀልለው ጣትህ ላይ ያለው ጥድፊያ ነው። ሠሪዎቹ ራሳቸው ያስቀመጡት መንገድ ነውና የአክስትህን ልጅ እንዲያ በለው።

ስለ ሠሪዎቹ ካነሳሁ አይቀር፣ ራዲካል ፊሽ ጌምስ ይባላሉ። ከዚህ ከፍራንክፈርት በባቡር ሁለት ሰዓት ያህል በሚርቀው ሳርብሩከን ከተማ ያሉ ትንሽ ቡድን ናቸው። የመጀመሪያውን ናሙና ለሰው ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። በ2015 ከተጫዋቾች ከ80 ሺህ ዩሮ በላይ አሰባሰቡ። ሙሉው ጌም የወጣው እ.ኤ.አ. መስከረም 2018 ላይ ነው። እነዚያ ክፍሎች ዓመታት የታሰበባቸው መሆኑ ያስታውቃል።

ደግሞ አንድ ነገር ልንገርህ፤ እኔን እስከ መጨረሻ ያቆየኝ ይኸው ነው። ሊያ መናገር አትችልም። በታሪኩ ውስጥ ባለ፣ ክሮስወርልድስ በሚባል ሌላ ጌም ውስጥ ነው የምትነቃው፤ የንግግር ክፍሏ ተበላሽቷል። ሰርጌይ የሚባለው ሰው አንድ አንድ ቃል እያስገባ ይሰጣታል። መጀመሪያ ‹ሃይ› አለች። ቀጥሎ ስሟን። ከዚያ በኋላ በጥቂት ቃላት ጓደኛ ታፈራለች፤ ከፈረንሳዊቷ ኤሚሊ ጋር እየተሽቀዳደመች ዳንጀን ትገባለች፤ ትስቃለች፤ ትቆጣለች። ቃል ሲያጥራት ራሷን ትነቀንቃለች፤ ፊቷ ይናገራል።

እኔ ጀርመን ስመጣ ‹ሃሎ› (ሰላም)፣ ‹ዳንከ› (አመሰግናለሁ) እና ‹ኤንትሹልዲጉንግ› (ይቅርታ) ነበር የማውቀው። አገሬ ላይ ጨዋታ አዋቂ የምባል ሰው እዚህ መጋዘን ውስጥ ዝምተኛው ሆንኩ። የሥራ ባልደረቦቼ ሲስቁ ዘግይቼ እስቅ ነበር። ሊያ አዲስ ቃል ባገኘች ቁጥር ደስታዋ ይገባኝ ነበር። ጌሙን ወደ ጀርመንኛ ቀየርኩትና መዝገበ ቃላት ይዤ ተጫወትኩት። ስለዚህ የእኔ 60 ሰዓት ባክኗል ብዬ አላስብም።

ለነገ የምመክርህ ይህ ነው። አንድ ወረቀት ያዝ። የተቀረቀርክበትን ክፍል ሣለው፤ ማብሪያው የት ነው፣ ኳሱ ከየት ይነጥራል። አንዱ በር እንደተከፈተ ግባና ጌሙን ዝጋው። አዲስ ክፍል ስትገባ ጌሙ ራሱ ሴቭ ያደርግልሃል፤ የሠራኸው አይጠፋም።

ጥያቄ

«ላፕቶፔ አሮጌ ነው። ገንዘብ ሳላወጣ መሞከር እችላለሁ? በጆይስቲክ ይሻላል ወይስ በማውዝ?» አንባቢ፣ ከዱባይ

መልስ

ትችላለህ። ጌሙ የተሠራው በጃቫስክሪፕት ነው፤ ድረ ገጽ የሚሠራበት ቋንቋ ማለት ነው። በነፃ የሚሞከር ናሙና አለው፤ ብሮውዘር ላይ ይከፈታል። እሱ ሳይንተፋተፍ ከሄደልህ ጥሩ ምልክት ነው። ፕሌይስቴሽን 4፣ ኤክስቦክስ ዋን ወይም ስዊች ካለህም እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ እዚያም አለ። እኔ በማውዝ ነው የምመክርህ። ኳስ ማነጣጠር ላይ ማውዝ ይበልጣል፤ እንቆቅልሹ ውስጥ ልዩነቱ ጎልቶ ይታወቅሃል። ጆይስቲክ የለመደ ሰውም ይጨርሰዋል።

ጥያቄ

«ልጄ 13 ዓመቱ ነው። ይህን ጌም ይዞ አንድ ቦታ ላይ ሁለት ሰዓት ይቀመጣል። ጠላት የሚገድልበት አይመስልም፤ ዝም ብሎ ግድግዳ ያያል። ልጨነቅ?» እናት፣ ከሽቱትጋርት

መልስ

እህቴ፣ ግድግዳውን ሲያይ እያሰበ ነው። ኳሱ የቱ ጋ ነጥሮ የት እንደሚደርስ በልቡ እየለካ ነው። በሚጫወትበት ቀንና ሰዓት ላይ አብራችሁ ተስማሙ፤ የትምህርት ቀን ላይ ሁለት ሰዓት ለእኔም ይበዛብኛል። ‹አሁኑኑ ዝጋ› ከማለት ግን ‹ይቺን ክፍል ስትጨርስ ዝጋ› ቢሉት ይሻላል። መሀል ላይ ማቋረጥ ለዚህ ጌም ተጫዋች በጣም ከባድ ነው።

ዓርብ ማታ ደግሞ ሻይዎን ይዘው አጠገቡ ቁጭ ይበሉ። ስለ ጌም ምንም ማወቅ አይጠበቅብዎትም። ‹ያ ማብሪያ ምንድን ነው? ይቺ ልጅስ ለምን አትናገርም?› ብለው ይጠይቁት። ሁለተኛውን ጥያቄ ሲመልስልዎ ረጅም ወሬ ይኖረዋል፤ ሻዩን በቴርሞስ ያድርጉት።