አንድ አልበም ስንት ጊዜ ይሰማል?

ልጆቼ፣ መሣሪያ ይዛችሁ ስትመጡ ሁላችሁም የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ "ጥሩ ጆሮ እንዴት ይመጣል?" ስልካችሁ ውስጥ የዓለም ሙዚቃ ሞልቷል። ስለዚህ "ብዙ ስሙ" እንድላችሁ ትጠብቃላችሁ። እኔ ግን የምላችሁ ሌላ ነው። የወደዳችሁትን አንድ አልበም ያዙ። እያንዳንዱን ተጫዋች በድምፁ እስክትለዩት ድረስ አብራችሁት ክረሙ።

የእኔ አልበም የአሜሪካዊው የጃዝ ትራምፔት ተጫዋች የማይልስ ዴቪስ "ካይንድ ኦፍ ብሉ" ነው። እ.ኤ.አ. በ1959፣ ማርች 2 እና ኤፕሪል 22፣ በሁለት ቀን ተቀርጾ ያለቀ ሥራ ነው። እኔ ጋ የደረሰው ከሸክላ በተቀዳ ካሴት ነበር። ያኔ ቤዝ ጊታር ከጀመርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። የመጀመሪያው ሙዚቃ ላይ ዜማውን የሚጫወተው ቤዙ ነው። ሌሎቹ በሁለት ኮርድ፣ ማለትም አንድ ላይ በሚመቱ ኖታዎች፣ ይመልሱለታል። እሱ ይጠይቃል፣ እነሱ ይመልሳሉ። ቤዝ ከኋላ ቆሞ ማጀብ ብቻ ለሚመስለው ልጅ ይሄ ትልቅ ነገር ነበር። ወደ ኋላ እየመለስኩ ስሰማው ካሴቱ እዚያ ቦታ ላይ ድምፁ ደከመ።

አብሬ ስጫወት ግን አንድ ነገር አስቸገረኝ። የተቃኘ ቤዜ ከካሴቱ ጋር አይገጥምም። መቃኛውን ትንሽ አጠብቃለሁ፤ ይገጥማል። ካሴቱን ስገለብጠው ደግሞ ሁለተኛው ገጽ ላይ እንደገና ይበላሻል። ያጠበቅኩትን መልሼ አላላለሁ። ይሄ ለዓመታት ቀጠለ። ጥፋቱ የጆሮዬ ነው ብዬ አዝን ነበር፤ ለማንም አልተናገርኩም። በኋላ ነው ምክንያቱን ያወቅኩት። በመጀመሪያው ቀን የቀረጻው ማሽን በትንሹ ዝግ ብሎ ይዞር ነበር። ስለዚህ ቴፑ በትክክለኛው ፍጥነት ሲሄድ፣ ሸክላው ላይ የመጀመሪያው ገጽ ሦስት ሙዚቃዎች ፈጠኑ፣ ድምፃቸውም ሩብ ድምፅ ያህል ቀጠነ። ስህተቱ የታረመው እ.ኤ.አ. በ1992፣ በሌላ ማሽን በመጠባበቂያነት ከተቀዳው ቴፕ ነው። ጆሮዬ ልክ ነበር! አንድ ነገር አልገጥም ሲላችሁ ራሳችሁን ለመውቀስ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ደጋግማችሁ ስሙት።

ቤዙ ዜማውን የሚጫወትበት የዚያ የመጀመሪያው ሙዚቃ አሠራር ቀላል ነው። 32 ባር፣ ማለትም 32 የአራት ምት ክፍል፣ ነው፤ 16ቱ በአንድ ስኬል (የኖታ መሰላል) ይሄዳል፣ 8ቱ በግማሽ ድምፅ ከፍ ይላል፣ የቀረው 8 ወደነበረበት ይመለሳል። እዚያ ሜዳ ላይ ማይልስ ጥቂት ኖታ ጣል አድርጎ ዝም ይላል። ሳክስፎን ተጫዋቹ ጆን ኮልትሬን ኖታውን ያፈሰዋል። ሌላው ሳክስፎን ተጫዋች ካኖንቦል አደርሊ በደስታ ይጫወታል። ከሥራቸው ያለው ቤዚስት፣ ፖል ቻምበርስ፣ ምቱን ሳይለቅ ለሦስቱም ቦታ ይሰጣል። ማጀብ ምን እንደሆነ የተማርኩት ከእሱ ነው። መጀመሪያ በተቀረጸበት ቀን 23 ዓመቱ ነበር፤ ሁለተኛው ቀን ደግሞ 24ኛ ልደቱ ነው። ከብዙዎቻችሁ ጋር እኩያ ነበር ማለት ነው።

ይሁንና የተወደደ አልበም ጆሮ ሲከፍት ጆሮ ይዘጋልም። እኔን ዘግቶኝ ነበር። ኖታ የበዛበት ሙዚቃ ሁሉ ጫጫታ ይመስለኝ ጀመር። አንድ የባንድ መሪ ፈጠን ያለ፣ ኮርዱ ቶሎ ቶሎ የሚቀያየር ሙዚቃ ሲሰጠኝ "ይሄ ነፍስ የለውም" አልኩት። ሥራው ለሌላ ተሰጠ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሙዚቃውን መጫወት አልችልም ነበር። አለመቻሌን "ምርጫዬ ነው" ብዬ ሸፈንኩት።

ያዳነኝ ያው አልበም ነው። ተጫዋቾቹ ከዚያ በኋላ ምን ሠሩ ብዬ ተከተልኳቸው። ኮልትሬን ከሁለተኛው ቀረጻ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ በሜይ መጀመሪያ፣ "ጃይንት ስቴፕስ" ለተባለው አልበሙ ስቱዲዮ ገባ። ኮርዶቹ ይሮጣሉ፤ ትንፋሽ አይሰጡም። ቤዙን የሚጫወተው ማነው? ፖል ቻምበርስ! ለሌላው ቦታ መስጠትን ያስተማረኝ ሰው እዚህ ከፈጣኖቹ ጋር ይሮጣል። እሱ ሁለቱንም ሲወድ እኔ በእሱ ስም አንዱን እየናቅኩ ኖሬያለሁ። በማግሥቱ ቤዜን ይዤ፣ ኮርዶቹን በጣም ዝግ አድርጌ፣ አንድ በአንድ መልቀም ጀመርኩ። ዓመት ፈጀብኝ።

እናንተም የመረጣችሁት አልበም ላይ ማን እንደተጫወተ ስማቸውን እወቁ። ዛሬ ስትሰሙት ዘፋኙን ወይም ሶሎ የሚጫወተውን ተዉት፤ ቤዙን ብቻ ተከተሉ። ነገ ድራሙን ብቻ። የእኔን አልበም ከጀመራችሁት ደግሞ የመጀመሪያው ሙዚቃ ላይ የማይልስ ሶሎ ሲገባ ድራመሩ ጂሚ ኮብ ሲምባሉን አንዴ ይመታዋል። ድምፁ ሌላው ሁሉ ውስጥ እየሟሟ ይሄዳል። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ፣ እስከ ስንተኛው ምት እንደሚሰማችሁ ቁጠሩ።