ስክሪን ላይ ያማረው ፎቶ ሲታተም ለምን ይጠቁራል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በሐዋሳ ከተማ የሠርግ ፎቶ በማንሳት የምተዳደር ባለሙያ ነኝ። ፎቶዎቹን በኮምፒውተሬ አስተካክዬ አልበም እንዲሠራልኝ አዲስ አበባ ወደሚገኝ ፎቶ ቤት እልካለሁ። ስክሪኔ ላይ ጥርት ብለው የሚታዩት ፎቶዎች ታትመው ሲመጡ ይጠቁራሉ፤ የሙሽራዋ የሐበሻ ቀሚስም ወደ ቢጫ ያደላል። ፎቶ ቤቱ ችግሩ የእኔ ስክሪን እንደሆነ ይነግረኛል። ስክሪንን ከህትመት ጋር ማስማማት የሚቻለው እንዴት ነው? መሣሪያ መግዛትስ ግድ ይላል?

መልስ፦ ፎቶ ቤቱ የነገረዎት ትክክል ሳይሆን አይቀርም፤ መጥቆሩን ግን ያለ አንዳች ወጪ ዛሬውኑ ሊያቃልሉት ይችላሉ። ስክሪን የራሱን ብርሃን ያመነጫል፤ ወረቀት ያረፈበትን ብርሃን ብቻ ይመልሳል። ብዙዎቹ ሞኒተሮች ብራይትነሳቸው እስከ መጨረሻ ሲከፈት 250 ካንዴላ በካሬ ሜትር (የድምቀት መለኪያ ነው) እና ከዚያም በላይ ያበራሉ፤ 300 ሉክስ ብርሃን በሚያርፍበት ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ነጭ የፎቶ ወረቀት ግን የሚመልሰው ከ80 እስከ 90 ካንዴላ የሚሆነውን ነው። በሦስት እጥፍ በደመቀ ስክሪን ፊት የሚሠራ ሰው የጠቆረው ፎቶ በቂ ብርሃን ያለው ስለሚመስለው እንዳለ ይልከዋል።

ስለዚህ ሞኒተሩን ከፍተው ግማሽ ሰዓት ያህል እስኪሞቅ ይጠብቁ፤ በራሱ ጊዜ ብራይትነስ የሚቀያይረውንና ማታ ማታ ስክሪኑን የሚያቢጨውን አሠራር ያጥፉ፤ መጋረጃውንም ይዝጉ። ከዚያም ባዶ ነጭ ገጽ ከፍተው ያልታተመበት የፎቶ ወረቀት ከስክሪኑ አጠገብ ያቁሙና ሁለቱ ነጮች እኩል እስኪደምቁ ድረስ ብራይትነሱን ይቀንሱ። መጀመሪያ ላይ ስክሪኑ የደበዘዘ ይመስልዎታል፤ ዓይን እስኪለምደው ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል። ቀጥሎ ከታተሙት ፎቶዎች አንዱን ይዘው የላኩትን ያንኑ ፋይል ይክፈቱ። በዚህ ጊዜ ፋይሉን እንዳይነኩት አደራ እላለሁ፤ መስተካከል ያለበት ስክሪኑ ነው፤ ስክሪኑ በትክክል ከተስተካከለ ፎቶው እዚያም ላይ እንደ ህትመቱ ጠቁሮ ይታያል።

የቀሚሱ ቢጫነት የቀለም ጉዳይ በመሆኑ ከዚህ ይከብዳል። ብዙ ሞኒተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ ነጫቸው ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ እርስዎም ቀሚሱ ሰማያዊ ሆኖ ሲታይዎ ሳያውቁት ቢጫ ይጨምሩበታል፤ ወረቀቱም የጨመሩትን ቢጫ ያለምንም ይሉኝታ ያሳያል። በሞኒተሩ ሜኑ ውስጥ የነጩን ሙቀት (ነጩ ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ቢጫ የሚያደላበትን ልክ) 6500 ኬልቪን፣ ጋማውን (በጥቁርና በነጭ መካከል ያሉትን ድምቀቶች ልክ) 2.2 ማድረግ ጥሩ መነሻ ነው። ከዚያ በላይ ዓይንን ዳኛ ማድረግ አይቻልም፤ ነጠላ በአምፖል ሥርም ሆነ በዛፍ ጥላ ነጭ መስሎ የሚታየን ዓይናችን የብርሃኑን ቀለም ራሱ እያረመ ስለሚያይ ነው። ለዚህ ሥራ የተሠራው ካሎሪሜትር የሚባለው መሣሪያ በስክሪኑ ላይ ተንጠልጥሎ ተራ በተራ የሚወጡትን ቀለሞች ይለካል፤ ከልኬቱም ለዚያ ስክሪን ብቻ የሚያገለግል የቀለም ፕሮፋይል፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የስክሪኑን ቀለም የሚያርምበት ፋይል፣ ይዘጋጃል። ፕሮፋይሉን የሚያዘጋጀው ዲስፕሌይካል (DisplayCAL) የተባለው ፕሮግራም በነፃ የሚገኝ ሲሆን ከብዙዎቹ መሣሪያዎች ጋር ይሠራል። የብርሃኑን ግብ 100 ካንዴላ አካባቢ ያድርጉት። ከሠርግ ሥራ ለሚተዳደር ሰው መሣሪያው ወጪውን ይመልሳል ብዬ አምናለሁ፤ በወር አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚያስፈልግም ሦስት አራት የሙያ ጓደኞች አዋጥታችሁ ብትገዙት ለሁላችሁም ይበቃል።

ህትመቱን የሚያዩበት አምፖልም ይፈርዳል። ቢጫ የሚያበራ አምፖል ሥር የትኛውም ነጭ ቀሚስ ቢጫ ነው፤ የህትመት ባለሙያዎች ቀለም የሚመረምሩት ወደ 5000 ኬልቪን በሚጠጋ ብርሃን ነው።

አልበሙን ከመላክዎ በፊት የሙሽራዋ ነጭ ቀሚስ፣ የሙሽራው ጥቁር ሱፍና የሁለቱም ፊት በአንድነት የሚታዩበትን አንድ ፎቶ መርጠው ኤስአርጂቢ (sRGB) በሚባለው የተለመደ የቀለም ደረጃ ያሳትሙ፤ ፎቶ ቤቱም ማሽኑ በራሱ የሚያደርገውን እርማት እንዲያጠፋ አጥብቀው ይጠይቁ፤ ያ ካልጠፋ ማወዳደሩ ዋጋ የለውም። ህትመቱ ሲመጣ የቀሚሱን እጥፋት በቅርብ ይመልከቱ። የጥጡ ሽመና በስክሪኑ እንደሚታየው በወረቀቱም ላይ ከታየ፣ የሱፉ ኮሌታም ከደረቱ ተለይቶ ከወጣ ብርሃኑ ተስማምቷል። የጥለቱ ደማቅ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ትንሽ ቢደበዝዝ ግን አይደንግጡ፤ ስክሪን የሚያሳየው ቀለም ሁሉ በወረቀት ላይ አይገኝም። ስክሪንዎ ተለክቶ፣ የማሽኑ እርማት ጠፍቶ፣ ቀሚሱ አሁንም ቢጫ ከሆነ ህትመቱን ይዘው ፎቶ ቤቱን ይጠይቁ፤ ያን ጊዜ ማሽኑን መፈተሽ ያለባቸው እነሱ ናቸው።