ከጆሮዬ ጀርባ ያለው አጥንት በአንድ በኩል ጎልቷል

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? የምጽፍላችሁ ከድሬዳዋ፣ ከከዚራ ነው። ሰሞኑን ሹሩባ ስሠራ ሠሪዋ «አቦ፣ ይሄ ከጆሮሽ ኋላ ያለው ምንድን ነው?» አለችኝ። ስዳብሰው በሁለቱም በኩል ጉብ ያለ አጥንት አለ፤ የቀኙ ግን ከግራው ይበልጣል። አያመኝም። እናቴ ይተኮስ ትላለች፣ እኔ ደግሞ ካንሰር ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። ዕድሜዬ 29 ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ እጅሽን ከዚያ ላይ አንሺ። ቀኑን ሙሉ ሲነካካ የዋለ ነገር ባያምም ያማል።

እንደገለጽሽው ከሆነ ያገኘሽው ማንም ሰው ያለው አጥንት ነው። ማስቶይድ ይባላል። ጭንቅላታችንን የሚያዞረው የአንገት ጎን ትልቅ ጡንቻ የሚያያዘው እዚያ ነው፤ ውስጡም እንደ ማር እንጀራ አየር በያዙ ትንንሽ ክፍተቶች የተሞላ ነው። የቀኝና የግራው እኩል አለመሆን የተለመደ ነው፤ ፀጉር ካልተሳበ ማን ልብ ይለዋል?

ሲነኩት ከቆዳ ሥር ወዲያ ወዲህ የሚል ከሆነ ግን አጥንት አይደለም፣ ንፍፊት ሊሆን ይችላል። ራስ ላይ ቁስል፣ ቆረቆር ወይም ቅማል ሲኖር ያብጣል፤ ጭንቅላቱ ሲታከም እሱም ይመለሳል። ድንጋይ የመሰለ፣ የማይንቀሳቀስ፣ በዓመታት ቀስ እያለ የሚያድግ ደግሞ ኦስቲዮማ የሚሉት የአጥንት እጢ ሊሆን ይችላል። ካንሰር አይደለም። መልክ ካላበላሸ ወይም መነጽር ማድረግ ካልከለከለ ይተዋል፣ ካስቸገረ በቀዶ ሕክምና ይወጣል።

የማይታደረው ሌላ ነው። ቦታው ቀልቶ ካመመ፣ ትኩሳት ካለ፣ ጆሮ መግል ካወጣ ወይም ወደ ፊት ከተገፋ፣ በተለይ ጆሮውን ሲያመው በሰነበተ ሕፃን ላይ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው። ኢንፌክሽኑ አጥንቱ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል፣ ወደ አንጎልም ሊያልፍ ይችላል። በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ይፈልጋል፣ አንዳንዴም ቀዶ ሕክምና። ለሳምንታት እያደገ የሚሄድ እብጠት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ካሉም ቲቢን ጨምሮ መመርመር አለበት።

መተኮሱን እርሺው። አጥንት በእሳት አይሟሽሽም፣ የሚተርፍሽ ጠባሳና ቁስል ነው። እማዬን ሳታስቀይሚ «ሐኪም ይየው» በያትና ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ ካስፈለገ ወደ አንገት በላይ ሐኪም ይልኩሻል። ሁለቱንም ጎን ዳብሶ ጆሮሽን ውስጡን ያይልሻል። ሲቲ ስካን እሱ ከጠረጠረ ብቻ ነው፤ ዝም ብለሽ ገንዘብሽን አትጨርሺ።