የትና መቼ

በቀደም ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ሥር ሻይ ስጠጣ አንዲት ተማሪ አጠገቤ ተቀመጠች። «ጋሼ፣ ዕድሜ ልክዎን ነፍሳት ሲያጠኑ ኖረው አሁን ጡረታ ወጡ። የሚቆጭዎት ነገር አለ?» አለችኝ። የለም ብዬ ሸኘኋት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

አለ። ሐረማያ ሐይቅ ሳይደርቅ በፊት ነው። ደመወዝ የሚከፈለኝ አገዳ ቆርቁር የሚባለውን የማሽላ ተባይ እንዳጠና ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን መረቤን ይዤ ሐይቁ ዳር እወርዳለሁ። እንደ ሄሊኮፕተር አየር ላይ ቀጥ ብለው የሚቆሙ፣ ባለ አራት ክንፍ ነፍሳት አሉ አይደል? እነሱን እይዛለሁ። ልጅነታቸውን የሚያሳልፉት ውኃ ውስጥ ስለሆነ የውኃውን ጤና ይናገራሉ። አንዷን አልረሳትም። ዓይኗ ሰማያዊ ነበር፤ ከሞተች በኋላ ደብዝዞ ቡናማ ሆነ።

ክንፋቸውን አጥፌ በወረቀት ፖስታ እከታቸዋለሁ። ፖስታው ላይ ቦታና ቀን መጻፍ ነበረብኝ። «ማታ እጽፈዋለሁ» እላለሁ። ማታ ይደክመኛል። ከዚያ መስክ ተላክኩ፤ ወራት አለፉ። ስመለስ የሐረማያውና ከኤረር ሸለቆ ያመጣሁት አንድ ካርቶን ውስጥ ተደበላልቆ ጠበቀኝ። የቱ የየት እንደሆነ መለየት አቃተኝ።

ሐይቁ በ1990ዎቹ ደረቀ። ለጫትና ለአትክልት በፓምፕ ተሳበ፤ ሐረር ከተማም ትጠጣው ነበር፤ ደለልም ሞላው። መረብ የዘረጋሁበት ቦታ ከብት ሲግጥበት አየሁ። አሁን ውኃው ተመልሷል፤ ደስ ብሎኛል። ግን የድሮዎቹ ነፍሳት አብረው ተመልሰዋል? ማመሳከሪያው እኔ ካርቶን ውስጥ ነበር።

በ2012 አንበጣው ሲመጣ ገበሬው ጣሳ እየደበደበ ማሳው ላይ ሲጮህ፣ የማያውቀኝ ሰው ሁሉ ይደውልልኝ ነበር። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ በቀን የ35,000 ሰው ምግብ ያህል ይበላል። ስለሚያጠፋው ነፍሳት ሁሉም ይጠይቃል፤ ስለሚጠፋው የሚጠይቅ አላገኘሁም።

የዛሬ ልጆች ጭቃ መንካት አትወዱም። ስልክ ላይ እንደተደፋችሁ ነው የማያችሁ። ደግሞ ያው ስልክ ፎቶ ሲያነሳ ቀኑን፣ ከፈቀዳችሁለትም ቦታውን ይይዛል። እኔ ያጎደልኩትን ማለት ነው። እንግዲህ ተደፉበት፣ ግን ሐይቁ ዳር ሆናችሁ።

ልጄ፣ ይህን ካነበብሽ ቅዳሜ ጠዋት በደንገጎ አድርጌ ወደ ሐረማያ እወጣለሁ። መረብ እኔ ጋ አለ። አንቺ እርሳስ ያዢ፤ የእስክሪብቶ ቀለም ውኃ ሲነካው ሊፈስ ይችላል።