የማያም የአፍንጫ ጥግ ቁስል

ጥያቄ፦ እናቴ 61 ዓመታቸው ነው። ዓምና በግራ ጉንጫቸው አልማዝ ባለጭራ ወጥቶባቸው ድኗል። ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን በግራ አፍንጫቸው ጥግ ቁስል ወጥቶ እየሰፋ ነው። አያመኝም ይላሉ፤ «የሚሄድብኝ ነገር አለ» እያሉ ግን ይነካኩታል። ጎረቤት ቁንጭር ነው አለን። ሦስት ዓይነት ቅባት ሞከርን፤ ለውጥ የለም። (ከሰበታ)

መልስ፦ ቅባቱን ያቁሙና የጉንጫቸውን ስሜት ይፈትሹ። የፊት ስሜት ነርቭ ለግንባር፣ ለጉንጭና ለአገጭ ሦስት ቅርንጫፍ አለው። አልማዝ ባለጭራ የጉንጩን ከጎዳው ቆዳው ይደነዝዛል፤ ግን ይበላል፣ ይነዝራል። እጅ ሳይታወቅ ይቧጥጣል፤ ሕመም ስለሌለም የሚያስቆመው የለም። እንዲህ የሚመጣው የነርቭ ቁስል ይባላል።

ዓይናቸውን ጨፍነው ይቀመጡ። ጥጥ ጫፉን አሹለው፣ ቁስሉን ሳይነኩ፣ ግንባር፣ ጉንጭና አገጭ ላይ ቀኝና ግራውን እያፈራረቁ ያስነኩ። አልፎ አልፎ ሳይነኩ «አሁንስ?» ይበሉ፤ በግምት የሚመልስ ሰው ያኔ ይታወቃል። ቀኙ ተሰምቷቸው ግራ ጉንጭና አፍንጫ ጥግ ካልተሰማቸው የነርቭ ቁስል ሊሆን እንደሚችል በጣም ያስጠረጥራል። ቁስሉ የአፍንጫውን ክንፍ እንደ ጨረቃ ቆርሶ ጫፉን ከተወ ጥርጣሬው ይበረታል፤ ጫፉ ስሜቱን የሚያገኘው ከግንባሩ ቅርንጫፍ ነውና። ጥፍራቸው ሥር ደም ወይም ቅርፊት አለ? «ትቧጥጫለሽ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ግን ወቀሳ ይመስላል፤ ብዙ ሰው ይክዳል።

ይህ ብቻውን አይበቃም። የቆዳ ካንሰር፣ ቁንጭር፣ የቆዳ ቲቢና ቂጥኝም እንዲህ ያቆስላሉ፤ የሥጋ ደዌ ደግሞ ራሱ ያደነዝዛል። ስለዚህ ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፈው አዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ክፍል ይውሰዷቸው። ለምርመራ የሚቆረጠው የቆዳ ናሙና ከቁስሉ ጠርዝ ይወሰድ፤ ከመሀሉ ከሆነ የሞተ ሥጋ ብቻ ሊወጣ ይችላል። ውጤቱ «ተራ ብግነት» ቢል ምርመራው ከሸፈ ማለት አይደለም፤ ሌላው ሁሉ ሲወገድና ድንዛዜው ሲረጋገጥ የነርቭ ቁስል የሚባለው ያኔ ነው። የቀባችሁትን ቱቦ ሁሉ ይዘው ይሂዱ፤ ስቴሮይድ (ብግነት የሚያበርድ መድኃኒት) ያለበት ቅባት የቁስሉን መልክ ያዛባል።

እስከዚያው ጥፍራቸውን በአጭሩ ይቁረጡ፣ ቁስሉን ቫዝሊን ቀብተው በንጹሕ ፋሻ ይሸፍኑ፣ ማታ የጥጥ ጓንት ያድርጉላቸው። ለሚነዝረው ሐኪም ጋባፔንቲን የተባለ የነርቭ ሕመም መድኃኒት ሊያዝ ይችላል። አንቲባዮቲክ የሚያስፈልገው መግል ወይም ሙቀት ካለ ነው።

ግራ ዓይናቸው ከቀላ ወይም እይታው ከደበዘዘ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው፤ የደነዘዘ ዓይን ሳያም ይቆስላል። መስማት መቀነስ፣ መንገዳገድ ወይም የአፍ መጣመም ካለ የጭንቅላት ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሳ ምስል) ያስፈልጋል።