ሞተሩን ከመሸጥህ በፊት ሳጥኑን አውርደው

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «650 ሲሲ፣ የፊት ቸርኬው 19 ኢንች የሆነ የጉዞ ሞተር አለኝ። ብቻዬን ስነዳው ደህና ነው። ባለቤቴን ከኋላ አስቀምጬ ሦስቱንም ሳጥን (ሁለቱን የጎን፣ አንዱን የኋላ) ሞልቼ ስወጣ ግን ከ110 በላይ ጭራው ይዋኛል፤ ፍጥነት ስቀንስ ደግሞ ከ80 እስከ 60 ባለው ላይ ማኑብሪዮው ይንቀጠቀጣል። እጄን ለቅቄ ስሞክረው ይብሳል። ማታ ከፊት የሚመጡ መኪኖች ሁሉ መብራት ያበሩብኛል። አንድ መካኒክ መሪውን አጥብቆልኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በዝግታ ስሄድ ቀጥ ብሎ አልሄድ አለ። ሸጬው የሆንዳውን ጎልድ ዊንግ ልግዛ ወይስ የሆንዳውን አፍሪካ ትዊን? በዓመት ሁለት ሦስቴ ሁለት ሆነን ረጅም የአስፋልት ጉዞ እንወጣለን፤ ሌላውን ጊዜ ብቻዬን ኮረኮንች ላይ ነኝ።»

ወንድሜ፣ እጅ ለቅቆ መሞከሩን ከዛሬ ጀምሮ እርሳው። የሚንቀጠቀጥ መሪ እስኪለቁት ነው የሚጠብቀው። ድንገት ከጀመረህም ጨምድደህ አትያዘው፣ የፊት ፍሬንም አትንካ። ጋዙን ቀስ እያልክ ቀንስ፣ ክንድህን አላላ፣ ደረትህን ወደ ፊት ጣል አድርግ።

አሁን ወደ ነገሩ። እኔን የመራኝ መብራት የሚያበሩብህ መኪኖች ናቸው። ፋናህ ሰማይ ሰማይ የሚያየው ጭራህ ስለተቀመጠ ነው። በእኔ ግምት ያለህ አንድ በሽታ ሳይሆን ሁለት ነው፤ ዋናው ከኋላ ያለው ሳጥን፣ ሁለተኛው ያ መካኒክ ያጠበቀው መሪ።

ሳጥኑን በደንብ ላስረዳህ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሲሳሳት አይቻለሁ። የኋላውን አክስል እንደ ድንጋይ፣ ሞተሩን በድንጋዩ ላይ እንደተጋደመ ሳንቃ ቁጠረው። ከአክስሉ ፊት ያለ ክብደት የፊት ጎማውን ይጫናል፤ ከአክስሉ ኋላ ያለው ግን ያነሳዋል። በሁለቱ አክስል መካከል 156 ሴንቲ አለ እንበል። ሳጥኑ ከነዕቃው 20 ኪሎ ሆኖ መሃሉ ከአክስሉ 40 ሴንቲ ወደ ኋላ ከወጣ፣ 20 በ40 አባዝተህ ለ156 ስታካፍለው 5 ኪሎ ገደማ ይመጣል። ያ ከፊት ጎማህ ላይ የተነሳ ነው። አንተ 20 ጫንኩ ትላለህ፣ የኋላ ጎማህ 25 ይቆጥራል። ባለቤትህም የምትቀመጠው አክስሉ አጠገብ ስለሆነ ክብደቷ ከሞላ ጎደል የኋላውን ነው የሚጫነው። በዚህ ላይ የኋላው ሞላ 3 ሴንቲ ተጨማሪ ሲቀመጥ መላው ሞተር ከአንድ ዲግሪ በላይ ወደ ኋላ ይጋደማል፤ የፊቱ ሹካም አብሮ ይጋደማል፣ ፋናውም ቀና ይላል። ከዚያ ንፋሱ ከፍ ብሎ የተቀመጠውን ሳጥን እየገፋ የፊቱን ይበልጥ ያቀለዋል። ከመሃል ርቆ ጫፍ ላይ የተሰቀለ ክብደት ደግሞ ገመድ ጫፍ ላይ እንደታሰረ ድንጋይ ነው፤ አንዴ መወዛወዝ ከጀመረ ቶሎ አይበርድም። ከ110 በላይ የሚዋኘው እሱ ነው። ብዙ አምራቾች ለኋላ ሳጥን የሚፈቅዱት ከ5 እስከ 10 ኪሎ የሆነው በከንቱ አይደለም።

ስለዚህ ሳጥኑን አውርደው፤ ከባድ ከባዱን ዕቃ ወደ ጎን ሳጥኖች ታች፣ ወደ ፊት ጥግ አስገባ። ሳጥኑን የያዘውን ፖርቶ መጋላ (የዕቃ መጫኛውን ብረት) እይልኝ። ሳጥኑን አሥር ሴንቲ ወደ ኋላ አርቀው የሚያስቀምጡ ርካሽ ብረቶች አሉ፤ ቡሎናቸው ቅቤ ነው፣ በስድስት ወር ቀዳዳው ይሞላለጣል። እንዲህ ያለ ከሆነ ጣለው። ጎማውን ሳይሞቅ ለካ፤ በዚህ ክፍል ባሉ ብዙ ሞተሮች የኋላው ለሁለት ሰው 41 ወይም 42 ፒኤስአይ ይጠይቃል፣ ትክክለኛው ቁጥር ግን የራስህ መመሪያ ላይ ነው። የኋላውን ሞላ ማጥበቂያ ሁለታችሁም ከነዕቃው ተቀምጣችሁ አስተካክለው። ከአክስሉ እስከ ጭራው ያለውን በሜትር ለካ፤ መጀመሪያ ጎማው አየር ላይ ሆኖ፣ ከዚያ ተጭኖ። የተቀመጠው የኋላ ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች ከሚሄድበት ጠቅላላ መንገድ ሢሶ አካባቢ ከሆነ ይበቃል። ማጥበቂያው መጨረሻ ደርሶም ካልተነሳ ሞላው ደክሟል ወይም ጭነትህን አይችልም።

ወደ መሪው። በመሃል ማቆሚያው አቁመህ በክሪክ የፊቱን አንሳ። የሹካውን ታች ይዘህ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግፋ፤ ቋ ካለ ላልቷል። ከዚያ ማኑብሪዮውን በጣትህ ከጥግ እስከ ጥግ አዙረው። መሃል ላይ ቀጭ ብሎ ከያዘህ ኩሽኔታው የሚሽከረከርበት ቀለበት ጎድጉዷል። በዝግታ ቀጥ ብሎ አልሄድ ያለህ ለዚህ ይመስለኛል፤ ያጠበቀልህ ሰው የተበላ ኩሽኔታ አፍኖ ነው የሰጠህ። የላይኛው ዳዶ ጥርሶች የመሮ ምት ካለባቸው ማን እንደሠራው ገባህ። እንዲህ ያለ ሥራ በሳምንት አንዴ ይመጣልኛል፣ ሁሌም ያናድደኛል። ላይና ታቹን ኩሽኔታ ከነቀለበቱ ቀይር፤ አንዱን ብቻ አትቀይር። ባለ ሾጣጣ ሮለሩ ካለ እሱን ውሰድ፣ ግራሶውን አጥግበው፣ ዳዶውን በመመሪያው ልክ በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው ቁልፍ) እሰር። ስም የለሽ ርካሽ ኩሽኔታ አታስገባ፣ ዓመት ሳይሞላው እዚሁ ትመለሳለህ። የፊት ጎማውንም በመዳፍህ ዳብሰው፤ ሞገድ ሞገድ ካለ እሱም ያንቀጠቅጣል።

ልግዛ ወይስ አልግዛ ላልከው፦ አፍሪካ ትዊን ለአንተ ከዚህ በሽታ አያድንህም። የመደበኛው የፊት ቸርኬ 21፣ የኋላው 18 ኢንች ነው፤ ሞላው ረጅምና ለስላሳ ነው፤ ያንኑ ሳጥን ስትሰቅልበት ያንኑ ሳንቃ ነው የምትነዳው። ብቻህን ኮረኮንች ላይ ግን ግሩም ነው። ጎልድ ዊንግ 1833 ሲሲ፣ የተጋደሙ ስድስት ሲሊንደሮች፣ ካቴና የሌለው በሻፍት የሚነዳ ነው። ክብደቱ ታች ነው፣ ሳጥኑ አብሮት ታስቦ የተሠራ ነው፤ ለሁለት ሰው አስፋልት ላይ እሱን የሚያህል አላውቅም። ግን ከ360 ኪሎ በላይ ነው፣ ኮረኮንች ላይ ሲወድቅ ብቻህን ለማንሳት አትሞክረው። ሁለቱንም ባንድ ላይ ካልክ መሃል ላይ ያለው የቢኤምደብሊው አር 1250 ጂኤስ ነው፤ 19 እና 17 ኢንች፣ በሻፍት፣ 249 ኪሎ። እሱም ቢሆን ጭራው ላይ 20 ኪሎ አይወድም።

በዓመት ሦስት ጉዞ ከሆነ እኔ ያለህን አልሸጥም። ሥራውን ስትጨርስ መጀመሪያ ብቻህን፣ ከዚያ ባለቤትህን ይዘህ ያለ ኋላ ሳጥን፣ መጨረሻ ላይ በቀላል ሳጥን፣ በሁለት እጅህ ይዘህ ሞክረው። በሁለት እጅ አልኩ። ማታ ግድግዳ ፊት አቁመህ የፋናው ብርሃን የት እንደሚያርፍ በኖራ ምልክት አድርግና፣ ባዶውንና የተጫነውን ልዩነት ጻፍልኝ።